ወረፋ የቀደመኝ ገብስ

መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ሰው አምቦ ውስጥ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የምሠራው ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ባለች የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። መብራት ሲሄድ ሥራ ይቆማል፤ አሠሪዬ መርገም ትጀምራለች፤ ፎቶ ኮፒው ግማሽ የዋጠውን ወረቀት እንደነከሰ ይቀራል። እኔ ግን በርጩማዬን ደጅ አውጥቼ የዩኒቨርሲቲውን በር ማየት እጀምራለሁ። ብዙም ሳይቆይ ትመጣለች። ስታፈጥበት የምትውለው ማሽንም አብሮ ጠፍቷላ።

የልጅነት ጎረቤቴ ናት። ቤታችንን ከቤታቸው የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ነው። የእኛዎቹ ከቅድመ አያት ጀምሮ ነጋዴዎች፣ በማርያም የሚምሉ ናቸው፤ እነሱ ጴንጤ ናቸው፤ አባቷ ጤና ጣቢያ የሠሩ፣ እናቷ አስተማሪ። እሁድ እሁድ የነሱ መዝሙርና የእኛ ቅዳሴ አጥሩ ላይ ይገናኙ ነበር። እኛም አጥሩ ሥር እየተገናኘን አማርኛውንና ኦሮምኛውን ቀላቅለን አደግን፤ በአንዱ እንጣላለን፣ በሌላው እንታረቃለን። ከዚያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና መጣ። እሷ አለፈች፣ እኔ ወደቅኩ።

እሷ ከአስፋልቱ ወዲያ ገባች፣ እኔ ወዲህ ቀረሁ። ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ እያነበብኩ፣ የስንኞቹን ቀለማት በጣቴ እየቆጠርኩ፣ ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም መጻፍ ያዝኩ። ከዚያ በር በሚወጣው ሰው ሁሉ ግን እቀና ነበር። በተለይ መታወቂያቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ አንጠልጥለውት መሆኑን እንኳ ረስተው ወደ ሱቃችን በሚገቡት። አንድ ሰው ያለውን ነገር እንደያዘው መርሳት መቻሉ ለእኔ የሀብት ጥግ ነበር።

ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትጀምር ነገሩ ባሰ። እስከዚያ ድረስ የምትማረውን ስትነግረኝ ይገባኝ ነበር፤ አሲድ፣ ጨው፣ ጋዝ፣ እነዚህ ቢያንስ ሽታ አላቸው። አሁን ግን የገባችበት ነገር በኬሚስትሪና በፊዚክስ መካከል ያለ ነው፤ ባዮፊዚካል ኬሚስትሪ ይሉታል። ብልቃጥ የለ፣ እሳት የለ፣ የምትሠራው ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ነው። እኔም ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነኝ። ግን የእኔ ኮምፒውተር የሰውን ማመልከቻ ይጽፋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ መብራት በጠፋበት፣ ምን እንደምታጠና አጥብቄ ጠየቅኋት። ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠችና የማውሴን ገመድ ነቅላ ዘረጋችው። ፕሮቲን ሲፈጠር እንዲህ ነው አለችኝ፤ ረጅም ገመድ። ከዚያ ገመዱን በጣቷ እየቆለመመች፣ አንዱን ጫፍ በሌላው ሥር እያሳለፈች ሰበሰበችው። ገመዱ ራሱን በራሱ እንዲህ ይሰበስባል፤ በልኩ ሲሰበሰብ ሥራ ይሠራል፤ ከተሳሳተ ዋጋ የለውም። የእሷ ፕሮቲን የገብስ ነው። ጎጆ ከተማ አካባቢ፣ ደጋው ላይ፣ ውርጭ አንዱን የገብስ ማሳ አቃጥሎ አጠገቡ ያለውን ይተወዋል። የተረፈው ገብስ ውስጥ ትንሿን የበረዶ ቅንጣት ይዞ እንዳታድግ የሚያደርግ ፕሮቲን አለ። ማሽኑ የሚያሰላው ያ ፕሮቲን ውሃ ውስጥ ሆኖ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ፣ የትኛው ጫፉ በረዶውን እንደሚይዝ ነው።

ማሽኑ ይህን አስልቶ ለመጨረስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት ጠየቅኋት። ሳምንታት አለችኝ። ሳምንታት ሙሉ የሚያሳያት የስንት ሰዓት እንቅስቃሴ ነው?

ሳቀች። “የምን ሰዓት! ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ። በጣም በጣም ያነሰ።”

ይህች ልጅ ከጥቅሻ ያነሰችን ቅጽበት ለማየት ሳምንታት ትቀመጣለች። እኔ ስንት ዓመት አጠገቧ ስኖር እንደዚያ ያለ ጥቅሻ አላገኘሁም። ሰው በሰው ይቀናል፤ በፕሮቲን የቀና ሰው ግን ከእኔ በፊት መኖሩን እንጃ።

ቀጥላ የመጣችበትን ጉዳይ ተናገረች። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ክፍላቸውን ሊጎበኙ ስለሚመጡ በኦሮምኛም በአማርኛም ማስረዳት አለባት። ኦሮምኛውን ጨርሳለች።

“‘ፎልዲንግ’ን በአማርኛ ምን ልበለው?”

“መታጠፍ” አልኳት።

“ቃል እንደማጠፍ?”

“ጋቢ እንደማጠፍ።”

“ያንተን ጋቢ ታጥፎ አይቼው አላውቅም” አለችኝ። መብራት መጣ። ከጠረጴዛው ወርዳ አስፋልቱን ተሻግራ ሄደች። እኔ ማውሱን መልሼ ስሰካ ገመዱን አልፈታሁትም። አሠሪዬ ይህ ምን ጉድ ነው ብላ እስክትዘረጋው ድረስ እሷ እንደጠቀለለችው ኖረ።

አሁን ስለ አንድ የዩኒቨርሲቲው መምህር ልናገር። የጎጆ ልጅ ነው፤ ጥናቷን አብሯት የሚሠራ፣ ማሽኑንም የሚያስተዳድር። በዕድሜ ብዙም ስለማይበልጠኝ “እሳቸው” አልለውም። አምቦ ሲዘንብ ሁላችንም ጃኬት ፍለጋ ስንሯሯጥ እሱ በቲሸርት አስፋልቱን ቀስ ብሎ ይሻገራል፤ የጎጆን ብርድ ለለመደ ሰው ይህ ሙቀት ነው ይላል። ወደ ሱቃችን ሲመጣ በሁለት እጁ ይጨብጠኛል፤ ወረቀቱን ሲቀበል “ገለቶሚ” ብሎ ያመሰግነኛል። የሚያናድደኝ ይህ ነው። ባለጌ ቢሆን ኖሮ ቅናቴ ማረፊያ ያገኝ ነበር። ደግ ሆኖ፣ የተማረ ሆኖ፣ ውርጭን በመጽሐፍ ሳይሆን በአባቱ ማሳ የሚያውቅ ሆኖ፣ በዚያ ላይ አጠገቧ የሚቀመጥ ሆኖ! አንድ ጊዜ ማሽኑ በሙቀት እየተጨነቀ አስቸግሯቸው፣ እሱ “ጎጆ ብንወስደው ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ እንዲያውም ጋቢ ይጠይቃል” ብሎ እንዳሳቃት ነገረችኝ። የእኔን ጋቢ ለእሱ አጫውታው ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ሰነበትኩ።

ማሽኑ ያለው የኬሚስትሪ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። እርስ በርሳቸው የተያያዙ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ እንደ አንድ ሆነው ያስባሉ። ቀድሞ አንዳንዱ ተመራማሪ ስሌቱን በኢንተርኔት ውጭ አገር ላለ ትልቅ ማሽን ይልክ ነበር። ያን ሰሞን ግን በእኛ አካባቢ ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር ሁሉም ወደዚያች አንዲት ክፍል መጣ፤ ኬሚስትሪውም ፊዚክሱም። ስለዚህ በተራ ሆነ። ተራው የደረሰው ሰው ስሌቱን ያስገባል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ካቆመበት የሚያስቀጥለውም እሱ ስለሆነ ከዚያ አይርቅም። እንዲህ ባለ ሰሞን ከእሷ ጋር የምንገናኘው በስልክ መልእክት ነበር። ያም ጣጣ ነበረው። የእሷ አሮጌ ስልክ የአማርኛ ፊደል ሲደርሰው ሳጥን በሳጥን አድርጎ ያሳያታል፤ ስለዚህ የምንጻጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ‘ጠ’ እና ‘ተ’ አንድ ይሆናሉ፤ ማጥበቅና ማላላት እንደ አንባቢው ነው።

በዚህ መሃል ለእኔ ትልቅ የሆነ ነገር መጣ። በወጣት ማዕከሉ እሁድ ከሰዓት በኋላ የግጥም ዝግጅት ሊኖር ነው፤ ከሚያነቡት አንዱ እኔ ነኝ። ሰው ፊት ሳነብ የመጀመሪያዬ ነበር። እንድትመጣ ጠየቅኋት። “እመጣለሁ፣ ቃሌ ነው” አለችኝ። የማነበውን አልነገርኳትም። እሷ ራሷ ከሰጠችኝ ቃል የሠራሁት ነበር፤ ያን የገመድ ቀን ስንሳሳቅ፣ ጋቢውና ቃሉ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው ነበር። ስንት ዓመት በውስጤ አጣጥፌ ያስቀመጥኩትን፣ በአጥር ቀዳዳ ያላሳለፍኩትን አንድ ነገር እንዲናገርልኝ ነበር የጻፍኩት። ከሰማችው ይገባታል፤ ከገባት ትመልስልኛለች። የፈለግኩት ይኸው ነው፤ አንድ መልስ።

እሁድ ጠዋት አላስቻለኝም። ከመምጣቷ በፊት ትቅመሰው ብዬ ዋናዎቹን ሁለት ስንኞች በዚያ ባዕድ ፊደል ላክሁላት።

የታጠፈ ጋቢ ሲገልጡት ይሞቃል፤
እንዴት ይለበሳል የተጣጠፈ ቃል?

መልሱ የመጣው አዳራሹ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ስንደረድር ነው። ሁለት ቃል፦ dabare new።

ደባሪ ነው።

አንብቤ ስልኩን ኪሴ ከተትኩት፤ አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። “ቆይ እመጣለሁ” የለ፣ “ስቀልድ ነው” የለ። ፊተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳዬን አስቀምጬ የያዝኩላት ወንበር ነበር። አንድ ሰው ሊቀመጥ ሲል፣ መልእክቷን ካነበብኩ በኋላ እንኳ፣ “ሰው አለበት” አልኩ። ከዚያ ተነስቼ ቦርሳዬን እያየሁ ግጥሜን አነበብኩ። ጭብጨባ ነበር። ለእኔ ግን አዳራሹ ውስጥ የነበረው አንድ ባዶ ወንበር ነው፤ በዓይነ ኅሊናዬ ደግሞ በዚያች ሰዓት ያ ባለ ቲሸርት ሰው ከጎኗ ተቀምጦ፣ ሁለቱም ስክሪኑ ላይ አጎንብሰው፣ እሷ የእኔን ስንኝ እያነበበችለት ይስቃሉ።

ዛሬም ከእሷ አጭር መልእክት ሲመጣ ሳልደውል አላምነውም። ያኔ ግን አልደወልኩም።

በነጋታው ሱቅ ስትመጣ ቀና ብዬ “ስንት ኮፒ ይፈልጋሉ?” አልኳት።

መጀመሪያ ቀልድ መሰላትና ሳቀች። ሁለተኛ ቀንም “ይቀመጡ፣ ወረፋ አለ” ስላት ሳቋ ጠፋ። ከልጅነታችን ጀምሮ “አንቺ” ስላት የኖርኩትን ልጅ “እርስዎ” ብዬ በአክብሮት ገፋኋት። ሰው በስድብ ከሚርቀው ይልቅ በአክብሮት የሚርቀው ይበልጣል፤ ምክንያቱም በአክብሮት ያራቅከው ሰው ሊጣላህ አይችልም። እሷም እልኸኛ ናት። ምን እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም፤ በሦስተኛው ቀን “እባክዎ ቶሎ ያድርሱልኝ” ብላ መለሰችልኝ። ሳምንታት እንዲህ ተኬደ።

አሠሪዬ ታዝባ ኖሮ “እናንተ ልጆች፣ እንደ አማትና አማች የምትባባሉት ምን ነክቷችሁ ነው?” አለችን። እኔ ወረቀት መቁጠር፣ እሷ ሳንቲም መቁጠር ያዝን።

መብራት ሲጠፋ መምጣቷንም ተወች። እኔ ግን በርጩማዬን ማውጣት አልተውኩም። መብራት ሄዶ፣ ተማሪው ሁሉ ወደ በሩ ጎርፎ፣ እሷ ከሕንፃው ሳትወጣ ስትቀር፣ ታዲያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከጠፋ ማሽን ጋር ምን ታደርጋለች እያልኩ ራሴን እበላ ነበር።

አንድ ቀን መምህሩ የታተመ ወረቀት እንዳደርስለት ደወለ፤ ለበር ጠባቂዎቹም እንደሚነግርልኝ ገለጸልኝ። ወደዚያ ግቢ በሕጋዊ መንገድ ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር፤ የገባሁትም የባላንጣዬን ወረቀት ተሸክሜ ነው። ፎቁን ወጣሁ። አቧራ ማሽኑን ይገድለዋል ተብሎ ወደ ክፍሉ በጫማ አይገባም፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አውልቀው በነጠላ ጫማ ይገባሉ። በሩ ላይ ሁለት ጫማ ቆሟል። አንዱ የእሷ ጥቁር ጫማ ነው፣ ተረከዙ ወደ አንድ በኩል የተበላ፤ የትም ባየው አውቀዋለሁ። ሌላው የጎጆ ቀይ ጭቃ የደረቀበት ትልቅ ቡትስ። ጎን ለጎን። የእሷ ግራ ጫማ ትንሽ ዘመም ብሎ ቡትሱን ተደግፏል። ወረቀቱን በዚያ ለሚያልፍ ተማሪ ሰጥቼ ተመለስኩ። ያን ዕለት ማታ ስለ ጫማ ግጥም ልጽፍ ሞከርኩ፤ ቤት የሚመታልኝ ቃል ሁሉ ስድብ ሆነብኝ።

በሌላ ጊዜ ግን መሸሽ አልቻልኩም። ዳግም ወረቀት ይዤ ስደርስ መምህሩ ራሱ በሩ ላይ ቆሞ አገኘኝ። ግባ አለኝ፤ እምቢ አልኩ፤ ክንዴን ይዞ “ዘወትር የምትጽፍልንን ነገር አይተኸው አታውቅም፤ ግባ እንጂ” አለ። ትርፍ ነጠላ ጫማ ስላልነበረ የራሱን አውልቆ ሰጠኝና በካልሲ ቆመ። እግሬ ውስጡ ዋኘ። በእሱ ጫማ ወደ እሷ መግባት ነበር የቀረኝ ቅጣት።

ክፍሉ ከጠበቅሁት ያነሰ ነበር። ማሽኖቹ ብረት መደርደሪያ ላይ እየጮሁ ናቸው፤ ጩኸታቸው ጭልሞ ጫካ ዳር ሆነው የሚሰሙት ዓይነት የማያቋርጥ የነፋስ ድምፅ ነው። እሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች። አየችኝ፤ “እንደምን ዋሉ” አለችኝ። እኔም በአክብሮት ጎንበስ አልኩ። ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ የሆነ የተጠማዘዘ ነገር ይንቀጠቀጣል። ያ ነው ማለት ነው። ሳምንታት ሙሉ እያየችው የኖረችው። አፍጥጬ አየሁት። በእውነት ለመናገር ቆንጆ ነበር፤ ይህም አናደደኝ።

መምህሩ ስሌቱን አስቀምጦ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋና ሳይዞር በኦሮምኛ ጠራት።

“ደባሬን ኬ ገኤ።”

ተራሽ ደረሰ ማለቱ ነው። እሷም ሻይዋን አስቀምጣ ተነሳች።

እኔ ግን ባለሁበት ደረቅኩ። ደባሬ። ተራ። ቃሉን የተማርኩት መጽሐፍ ላይ አይደለም፤ ልጅ ሆኜ የሰፈራችን ቧንቧ ላይ ጀሪካን ይዤ ስሰለፍ፣ “ደባሬ ኮ ነው፣ የእኔ ተራ ነው፣ ዞር በል” እየተባባልን ስንጋፋ ነው። ኦሮምኛውን ከአማርኛው ጋር እንዲህ አንድ አፍ ላይ የምናቦካ እኛ ነን። ሁለቱን ቋንቋ አውቃለሁ፤ ቅናቴ ግን አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ያንንም ክፉ ክፉውን።

“ያን እሁድ የላክሽልኝ” አልኳት፣ “‘ደባሬ ነው’ ነው እንዴ ያልሽኝ?”

ወንበሩ ላይ ልትቀመጥ ስትል ቆመች። “‘አንቺ’ ጀመርክ?”

“መልሺልኛ።”

“አዎ፣ ደባሬ ነው። ስንት ቀን መብራት ጠፍቶ የሁሉም ተራ ተገፍቶ ተገፍቶ እሁድ ላይ ወደቀብኝ። የሚተካኝ ሰው ለምኜ አጣሁ። እና ምን መስሎህ ነበር?”

“ደባሪ ነው ያልሽኝ መሰለኝ። ግጥሙን።”

መጀመሪያ የሳቀው መምህሩ ነው። እሷ አልሳቀችም። “ግጥም ነበር እንዴ?” አለችኝ።

“ታዲያ ምንድን ነው?”

“ስድብ ነዋ! እንደማልመጣ ከሰው ሰምተህ፣ ቃሏን የምታጥፍ ልጅ ብለህ በቅኔ የሰደብከኝ መስሎኝ ነዋ። ይቅርታ እንዳልል እንኳ ‘እርስዎ’ ብለህ ዘጋኸኝ። እኔ ስንት ሳምንት በዚያ ስንኝ ስበግን፣ አንተ በእኔ መልእክት ትበግናለህ?”

መምህሩ ጣልቃ ገብቶ ጥፋቱ የእሱም እንደሆነ ተናገረ፤ ያን እሁድ ሊተካት ይችል የነበረው እሱ ነበር፣ ግን አጎቱ ሞተው ቅዳሜውኑ ጎጆ ለለቅሶ ወጥቷል። እኔ አዳራሽ ቆሜ ከጎኗ ያስቀመጥኩት ሰው ጎጆ ድንኳን ውስጥ ነበር። ለካ ያን እሁድ በሩ ላይ የቆመው ጫማ የእሷ ብቻ ነበር። ነፍስ ይማር አልኩት። አሜን ብሎ፣ እግሬን አየና፣ ሻይ ላምጣ በሚል ሰበብ በእኔ ጫማ ሊወጣ ሞክሮ አልገባለት ሲል በቡትሱ ወጣ።

ሁለታችን ቀረን። ከማሽኑ ጋር።

“በል አንብብልኝ” አለችኝ። “በላቲን ፊደል አይደለም፣ በአፍህ።”

አነበብኩላት። አዳራሽ ውስጥ ያልተንቀጠቀጠው ድምፄ እዚያ ተንቀጠቀጠ። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችኝ።

“እውነቱን ልንገርህ? ትንሽ ደባሪ ነው።”

በዚህ ጊዜ እኔም ሳቅኩ።

“ጋቢውን ወድጄዋለሁ” አለች። “ሁለተኛው ላይ ግን ትጠይቃለህ እንጂ አትናገርም። ይለበሳል፣ አይለበስም፣ እኔ ምን አውቄ? ልትለኝ የፈለግከው ምንድን ነው?”

ያልኳትን እዚህ አልጽፈውም። ግጥም አልነበረም። ቤት አይመታም፣ ሁለት ትርጉም የለውም፣ በአማርኛ ጀምሬ በኦሮምኛ የጨረስኩት አጭር ነገር ነው። ስናገር የቆምኩት በሌላ ሰው ነጠላ ጫማ ነበር።

እሷ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ቀዩና ሰማያዊው ነገር ይንቀጠቀጣል። ዓይኗ እሱ ላይ ሆኖ፣ ቃላቱን እየመረጠች ተናገረች።

“ይሄ ሲያልቅ መልሰህ ጠይቀኝ። የፈራሁ እንዳይመስልህ። አሁን ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ገብስ ብቻ ነው፤ ዛሬ ብመልስልህ ግማሽ ልቤ ነው የሚመልስልህ፤ ነገ ደግሞ አጠፍሽ ትለኛለህ። አንተ ወረፋ ያዝ።”

“ከፊቴ ማን አለ?”

“ገብሱ።”

በጥቅሻ ይቀደማል፣ በመምህር ይቀደማል፤ በገብስ መቀደም ግን ለማን ይነገራል? ቢያንስ ገብሱ ደግ ሰው አይደለም፣ በሁለት እጁ አይጨብጠኝም፤ ያለ ኀፍረት ልቀናበት እችላለሁ። መቼ ያልቃል ብዬ ጠየቅኋት። የመለሰልኝ ሻይ ይዞ በሩ ላይ የደረሰው መምህሩ ነው፤ የማሽኑን የጠየቅኋት መስሎት።

“መብራት ካልጠፋ ክረምት ሳይገባ” አለ። “በላይ በላዩ ከጠፋ ግን እንጃ።”

ነጠላ ጫማውን መለስኩለት። የራሴን ጫማ አጥልቄ ስወርድ በሩ ላይ የቆሙትን ሁለቱን ጫማዎች አየኋቸው። መምህሩ መልሶ ያወለቀው ቡትስ አሁንም ወደ እሷ ጫማ ተጠግቷል። በእግሬ ትንሽ ወዲያ ገፋ አደረግኩትና ወረድኩ።

አስፋልቱን ተሻግሬ ሱቅ ስደርስ በወንጪ በኩል ደመና እየተከመረ ነበር፤ በእኛ አገር ደመና ሲከመር መብራት ምን እንደሚያደርግ ሁሉም ያውቃል። በርጩማዬን ደጅ አላወጣሁም። ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጬ ወደ ጣሪያው አየሁ። አምፖሉ አንዴ ደከም አለ፣ መልሶ በራ።

“አንተ” አለችኝ አሠሪዬ፣ “መብራት ሲሄድ ሲያማትቡ አይቻለሁ። በርቶ ሳለ የሚያማትብ ሰው ገና ዛሬ አየሁ።”